የንድፍ ትምህርትና የምሕንድስና ዲግሪ ዕውቅና

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ በተደረገው የኅብረታችን ስብሰባ ላይ፣ የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ የሆነ አንድ ወንድማችን ያነሣው ጥያቄ ብዙዎቻችንን አነጋግሮ ነበር። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው፤ «ካልኩለሱን፣ ፊዚክሱን፣ ቴርሞዳይናሚክሱን ሁሉ ካለፍኩ በኋላ የመጨረሻውን ዓመት የንድፍ ሥራ ካላቀረብክ ዲግሪ የለህም የምባለው ለምንድን ነው? መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ የማይገኝ፣ ከሦስት ሰው ጋር ተጣብቄ የምሠራው ሥራ ከቴርሞዳይናሚክስ እኩል የሚታየው በምን ሚዛን ነው?» በዚያ ምሽት የተሰጠው መልስ ግማሹ ቁጣ፣ ግማሹም ቀልድ ስለነበረ፣ ጉዳዩን ረጋ ብለን በጽሑፍ እንደምናብራራ ቃል ገብተን ነበር። ይህ ጽሑፍ ያንን ቃል ለመፈጸም የቀረበ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዕውቅና» የሚለው ቃል በኛ በተማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነገራል። «የኛ ዩኒቨርሲቲ ዕውቅና አለው» ሲባል እንሰማለን። ዩኒቨርሲቲው በአገሩ መንግሥት የታወቀ መሆኑ እርግጥ አስፈላጊ ነው፤ የምሕንድስና ዕውቅና ግን ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ለዩኒቨርሲቲው ወይም ለፋካልቲው በጅምላ የሚሰጥ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የዲግሪ ፕሮግራም በተናጠል የሚሰጥ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሲቪል ምሕንድስናው ዕውቅና ኖሮት፣ ከፎቁ በላይ ያለው ኢንዱስትሪያል ምሕንድስና ላይኖረው ይችላል። አዲስ የተከፈተ ፕሮግራም ደግሞ ቢያንስ አንድ ተማሪ እስኪያስመርቅ ድረስ የኤቤት መርማሪዎች ለመጀመሪያ ዕውቅና አይመለከቱትም። ስለዚህ «ዕውቅና አለው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የፕሮግራሙን ትክክለኛ ስም፣ በዲግሪው ላይ እንደሚጻፈው፣ ይዞ መጠየቅ ይኖርበታል።

በዚህ በመካከለኛው ምሥራቅ ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው ይኸው አሜሪካዊው ኤቤት ነው። (አጠራሩ ስንጠራ ከምንመልሰው «አቤት» ጋር ስለሚቀራረብ፣ አዲስ የመጡ ወንድሞችና እኅቶች ሲሰሙት ፈገግ ማለታቸው አይቀርም።) ድርጅቱ በ1932 የመሐንዲሶች የሙያ ዕድገት ምክር ቤት በሚል ስም ተቋቁሞ፣ በ1936 ለመጀመሪያዎቹ የምሕንድስና ፕሮግራሞች ዕውቅና ሰጠ፤ አሁን ወደሚታወቅበት ስም የተለወጠው በ1980 ነው። ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ፕሮግራሞች ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው «በይዘቱ ተመጣጣኝ ነው» የሚል ምስክርነት ብቻ ነበር፤ ሙሉ ዕውቅና መስጠት የጀመረው ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ከዚህ ሌላ በ1989 ስድስት አገሮች፣ ማለትም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ፣ የዋሽንግተን ስምምነት የሚባለውን ውል ተፈራረሙ። የውሉም ፍሬ ነገር፣ በአንዱ አባል አገር ውስጥ ዕውቅና ያገኘ ዲግሪ በሌላውም ዘንድ እንደ አቻ እንዲቆጠር የሚል ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1999፣ ቱርክ ሙዴክ በተባለው ድርጅቷ አማካይነት በ2011፣ ሕንድ ደግሞ በ2014 ሙሉ አባል ሆነዋል።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ በ2018 በኩዌት የሆነውን ያስታውስ። የአገሪቱ የሠራተኛ ጉዳይ ባለሥልጣን፣ የውጭ አገር መሐንዲሶች በመሐንዲስነት የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ከኩዌት መሐንዲሶች ማኅበር የይሁንታ ወረቀት ማምጣት አለባቸው የሚል ደንብ አወጣ። ማኅበሩ ደግሞ የሚመለከተው የተማሩበት ፕሮግራም ዕውቅና ያለው መሆን አለመሆኑን ነበር። በዚህም የተነሣ በኩዌት ለዓመታት መሐንዲስ ሆነው የሠሩ ብዙ ሕንዳውያን፣ ኮሌጃቸው በአገሩ የዕውቅና ቦርድ ያልተመዘገበ ስለነበረ ብቻ፣ ከፊሎቹም ቦርዱ ከመቋቋሙ በፊት የተመረቁ ሆነው ሳለ፣ የሥራ ስማቸውን ለማጣት ተቃረቡ። ሥራቸው መጥፎ ነው ያላቸው አልነበረም። ከኛም መካከል ብዙዎቻችን ከምረቃ በኋላ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሥራ ለመፈለግ የምናስብ ስለሆነ፣ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። የንድፍ ትምህርት በዚህ የዕውቅና ሚዛን ላይ ከባድ ሆኖ የተገኘው በአንድ ጀምበር አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የአሜሪካ የምሕንድስና ተማሪ ብዙ ጊዜውን የሚያሳልፈው በወርክሾፕና በስዕል ጠረጴዛ ላይ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ግን ራዳርንና የአቶምን ኃይል በመሳሰሉት አዳዲስ ሥራዎች ላይ ግንባር ቀደም ሆነው የተገኙት በአመዛኙ ፊዚሲስቶች ሲሆኑ፣ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች ራሳቸውን መመርመር ጀመሩ። በ1955 በግሪንተር የሚመራው ኮሚቴ ያቀረበው ሪፖርት የምሕንድስና ሥርዓተ ትምህርት በሒሳብና በምሕንድስና ሳይንስ ላይ እንዲመሠረት መከረ። ሪፖርቱ ንድፍን ጣሉ አላለም፤ እንዲያውም ትንተናና ንድፍ ተቀናጅተው እንዲሰጡ ነበር የጠየቀው። ትምህርት ቤቶቹ ግን የወደዱትን ግማሽ ወሰዱ። በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ባመጠቀች ጊዜ ደግሞ ወደ ሳይንስ የሚደረገው ሩጫ ባሰበት። ወርክሾፖቹ ተዘጉ፤ ወጣቶቹ መምህራን የሚቀጠሩት በምርምር ጽሑፋቸው እንጂ ባቆሙት ድልድይ ወይም በሠሩት ፓምፕ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሠሪዎች እኩሌታን አሳምሮ የሚፈታ፣ ነገር ግን ባዶ ወረቀት ሲሰጡት ከየት እንደሚጀምር የማያውቅ መሐንዲስ እየመጣብን ነው ሲሉ ማማረር ጀመሩ።

ዕውቅና ሰጪው ድርጅት ለዚህ አቤቱታ የሰጠው መልስ በቁጥር ነበር። በ1980ዎቹ በሥራ ላይ በነበረው መመዘኛ መሠረት፣ አንድ ፕሮግራም የአንድ ዓመት ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ፣ የአንድ ዓመት የምሕንድስና ሳይንስ፣ የግማሽ ዓመት የምሕንድስና ንድፍ፣ እንዲሁም የግማሽ ዓመት የሰብአዊና የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት መስጠት ነበረበት። ግማሽ ዓመት ማለት ወደ 16 የሴሚስተር ክሬዲት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን መሳቂያ ሆነ። የትምህርት ክፍሎች አዲስ የንድፍ ኮርስ ከመክፈት ይልቅ የነበሩትን ኮርሶች እንደ ቅርጫ ሥጋ ይመድቡ ጀመር፤ ሂት ትራንስፈር ሦስት ክሬዲት ነው፣ ሁለቱ ለሳይንስ፣ አንዱ ለንድፍ! ኮርሱ ያው፣ መምህሩ ያው፣ የቤት ሥራውም ያው፤ በሠንጠረዡ ላይ ግን ንድፍ ተገኘ። መርማሪዎቹም የሠንጠረዡን ድምር ሲቆጥሩ ይውሉ ነበር። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይህ ልማድ መመዘኛው ከተለወጠ በኋላም ለብዙ ጊዜ ሳይጠፋ እንደቆየ ሳንጠቅስ አናልፍም።

ለመሆኑ ንድፍ ምንድን ነው? የድርጅቱ መመዘኛ ለረዥም ጊዜ የያዘው ትርጉም በኛ አባባል ሲቀርብ፣ ንድፍ ማለት አንድን የታወቀ ፍላጎት ለማሟላት ሥርዓትን፣ ክፍልን ወይም የአሠራር ሂደትን የመፍጠር ሥራ ነው፤ ውሳኔ መስጠትን የሚጠይቅና ብዙ ጊዜም እየተመላለሱ የሚሠሩት ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ዋናው ቃል «ውሳኔ» የሚለው ነው ብለን እናምናለን። ልዩነቱን በአገራችን ዕቃ እናሳይ። በሂት ትራንስፈር ፈተና ላይ «ውፍረቱ ይህን ያህል የሆነ የሸክላ ምጣድ ከታች በዚህ ሙቀት ቢጋል፣ ከላዩ በዚህ ሙቀት ላይ እንዲቆይ ምን ያህል ኃይል ያስፈልጋል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ይህ ትንተና ነው። አንድ መልስ አለው፤ ከመልሱ የተለየ ጻፈ ማለት ተሳሳተ ማለት ነው።

ጥያቄው «መስመሩ ደካማ በሆነበት ሰፈር የሚኖር ቤተሰብ እንጀራ የሚጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሥራ» የሚል ቢሆንስ? የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ይህ ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። መብራቱ ደክሞ የሚመጣበት ቤት ይህን ሊሸከም አይችልም። ኃይሉን እንቀንስ ብንል ምጣዱ በሁለት እንጀራ መካከል ሙቀቱን መልሶ ለማግኘት ረዥም ጊዜ ይወስዳል፤ ጋጋሪዋ ቆማ ትጠብቃለች፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ሸክላውን እናሳሳው ብንል ይሰነጠቃል። በሸክላው ፈንታ ብረት እናድርግ ብንል ሙቀቱ እንደ ሸክላው እኩል ላይሠራጭ ይችላል፤ ምጣዱን ማሟሸትና ማሰስ የለመደችው እናትም ዕቃውን ላትቀበለው ትችላለች። ከሥሩ ያለው የሙቀት ሽቦ ሲቃጠል ማን ይጠግነዋል? እጇ እርጥብ የሆነ ሰው ብትነካው ምን ይሆናል? የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የደኅንነት ደረጃስ ምን ይላል? ዋጋው ስንት ይሁን? እነዚህ ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ አንዱን ስታሻሽለው ሌላው ይበላሻል። እኩሌታዎቹ ሁሉ እዚህም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን የትኛውን እኩሌታ፣ ለምን ዓላማ፣ በምን ግምት እንደምትጠቀም የሚነግርህ የለም። ትወስናለህ፤ ለውሳኔህም ምክንያት ትሰጣለህ፤ ትፈርምበታለህ።

መፈረም ስንል ቀልድ አይደለም። ሐምሌ 17 ቀን 1981 (ጁላይ) በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ ከተማ በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት መተላለፊያ ድልድዮች ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። የአራተኛው ፎቅ ድልድይ ከላይ፣ የሁለተኛው ፎቅ ደግሞ በቀጥታ ከሥሩ ነበሩ። በመጀመሪያው ስዕል ላይ ሁለቱም ድልድዮች የተንጠለጠሉት ከጣሪያው እስከ ታች በሚወርዱ ወጥ የብረት ዘንጎች ነበር። ለአሠራር እንዲመች ተብሎ ዘንጎቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ የላይኛው ድልድይ ከጣሪያው፣ የታችኛው ድልድይ ደግሞ ከላይኛው ድልድይ ምሰሶ ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ። በመጀመሪያው አሠራር የላይኛው ድልድይ መያዣ ለውዝ የሚሸከመው የራሱን ድልድይ ክብደት ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ግን የሁለቱንም ሆነ፤ ጭነቱ በእጥፍ አደገ ማለት ነው። ይህን ለማስላት የሁለተኛ ዓመት የስታቲክስ ትምህርት ይበቃል። የመጀመሪያውም ንድፍ ቢሆን የከተማውን የሕንፃ ደንብ ያላሟላ እንደነበረ በምርመራው ታውቋል። ኃላፊ የነበሩት መሐንዲሶች የሚዙሪ ክፍለ ሀገር የሥራ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ስሌቱን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ለውጡ በስዕል ላይ ሲመጣ «ይህ ምን ይለውጣል?» ብሎ እንደገና የመጠየቅን ልማድ ነው ያጓደሉት። ይህ ልማድ ደግሞ በሌክቸር አይገኝም። ስዕልህን ሌላ ሰው ሲለውጥብህ፣ አንተም የሌላውን ስትለውጥ፣ በተማሪነትህ ካልቀመስከው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትማረው በሰው ሕይወት ላይ ይሆናል።

ወደ መመዘኛው እንመለስና፣ ኤቤት በ1990ዎቹ መጨረሻ ያንን የክሬዲት ቆጠራ ትቶ «የምሕንድስና መመዘኛ 2000» የተባለውን አዲስ አሠራር አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጥያቄ «ምን አስተማራችሁ?» መሆኑ ቀርቶ «ተማሪዎቻችሁ ምን ማድረግ ቻሉ?» የሚል ሆነ። ቆጠራው ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ በአሁኑ መመዘኛ ቢያንስ 30 የሴሚስተር ክሬዲት ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ፣ ቢያንስ 45 ክሬዲት ደግሞ ምሕንድስና ነክ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ለንድፍ ብቻ የተለየ ቁጥር የለም። በቁጥሩ ፈንታ የመጣው ግን ከቁጥሩ የጠነከረ ነው፤ ሥርዓተ ትምህርቱ በአንድ ትልቅ የንድፍ ሥራ መደምደም አለበት፤ ያም ሥራ ተማሪው ቀደም ብሎ በተማራቸው ኮርሶች ላይ የተመሠረተ፣ የታወቁ የምሕንድስና ደረጃዎችን የሚጠቀምና ብዙ ገደቦችን በአንድነት የሚያስተናግድ መሆን ይኖርበታል። ወንድማችን «ለምን ከሦስት ሰው ጋር ተጣብቄ» ላለውም መልሱ እዚያው አለ፤ በቡድን መሥራት መቻል ራሱ ከሚመዘኑት ውጤቶች አንዱ ነው። ካናዳውያን ግን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ቆጠራውን አልተዉም፤ በነሱ መመዘኛ አንድ የሌክቸር ሰዓት እንደ አንድ መለኪያ ተቆጥሮ፣ ለንድፍ ቢያንስ 225 መለኪያ ሲጠየቅ ኖሯል፤ መምህሩም ፈቃድ ያለው መሐንዲስ እንዲሆን ይጠበቃል። በኛ አስተያየት የመጨረሻው ነጥብ የሚያስቀና ነው። በሕይወቱ አንድም ዕቃ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ንድፍ ሲያስተምር ማየት ዋናን ከመጽሐፍ እንደመማር ነውና።

መርማሪዎቹ ሲመጡ ምን እንደሚሆን ብዙዎቻችን አናውቅም። ትምህርት ክፍሉ አስቀድሞ ስለራሱ ሰፊ ሪፖርት ጽፎ ይልካል። ከዚያ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችና ከኢንዱስትሪ የተውጣጡ የሙያው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ቀን መጥተው መምህራኑን፣ ላቦራቶሪውንና ተማሪዎችን ያነጋግራሉ። ጠረጴዛ ላይ የተማሪዎች ሥራ ይዘረጋላቸዋል፤ ልብ ማለት የሚገባው የጎበዙ ብቻ ሳይሆን ለጥቂት ያለፈው ተማሪም ሥራ አብሮ መታየቱ ነው። እንግዲህ የመጨረሻው ዓመት የንድፍ ሪፖርት ከሁሉ በፊት የሚነሣው ወረቀት ነው፤ ምክንያቱም የአራት ዓመት ትምህርት በተማሪው እጅ ምን እንደሆነ በአንድ ጥራዝ ውስጥ የሚታየው እዚያ ነው። ሪፖርቱ የትኛውንም የምሕንድስና ደረጃ ካልጠቀሰ፣ ወይም አማራጮችን ሳያወዳድር አንዱን ብቻ ይዞ ከሮጠ፣ የሚጻፈው በተማሪው ላይ ሳይሆን በፕሮግራሙ ላይ ነው። ግኝቶቹ እንደ ክብደታቸው ጉድለት፣ ድክመት ወይም ሥጋት ተብለው ይመዘገባሉ። ሁሉ ከተስተካከለ ዕውቅናው እስከ ስድስት ዓመት ይዘልቃል፤ ድክመት የተገኘበት ፕሮግራም ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ እንደገና መልስ መስጠት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ማንሣት ግድ ሆኖብናል። በከተማችን ኮፒ ቤቶች አካባቢ የተዘጋጀ የመመረቂያ ፕሮጀክት በገንዘብ እንደሚሸጥ የማያውቅ የለም፤ ከኛም መካከል የገዛ አለ። ሥራ እየሠራ የሚማር፣ ቤተሰብ የሚረዳ ወንድም ጊዜ አጥሮት ወደዚያ ሲያዘነብል ችግሩን እንረዳለን፤ ከላይ ሆነን የምንፈርድበት አይደለንም። ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም። የተገዛው ፕሮጀክት ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ጊዜ ቀርቦ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ከተደረሰበትም የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም፤ ዕውቅናው ሲናጋ ከርሱ ጋር በዚያው ፕሮግራም ያሉት ሁሉ፣ ሌሊቱን ሳይተኙ የሠሩትም ጭምር፣ አብረው ይናጋሉ። በቡድን ውስጥ ስማቸውን ብቻ የሚያስገቡትም ከዚህ የራቁ አይደሉም። አንድ እኅታችን ባለፈው ዓመት የአራት ሰው ሥራ ብቻዋን ተሸክማ፣ በቃል ማቅረቢያው ቀን ሦስቱ ተራ በተራ እርሷን እያዩ ዝም ሲሉ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ፈታኞቹ የጠየቁት ከባድ ነገር አልነበረም፤ «ይህን ሞተር ለምን መረጣችሁ?» የሚል ብቻ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የሚያስቡ አባሎችም አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል። ሒሳብና ፊዚክስ በአብዛኛው ችግር ሳይኖርባቸው ይተላለፋሉ፤ ኮርሱ በየትም ቢሆን ተመሳሳይ ነውና። የንድፍ ኮርስ ግን፣ በተለይ የመጨረሻው ዓመት፣ ብዙ ጊዜ አይተላለፍም፤ ተቀባዩ ፕሮግራም በራሱ ስም ለሚሰጠው ዲግሪ ኃላፊ ስለሆነ መደምደሚያውን በራሱ ቤት ማሠራት ይፈልጋል። ስለሆነም መዛወር ካለ ከሦስተኛው ዓመት በፊት ቢሆን ይሻላል። አራተኛውን ዓመት ጀምሮ የተዛወረ ወንድም አንድ ሙሉ ዓመት ሲያባክን አይተናል።

ወደ አገር ቤት ለሚመለሱትም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ አቻነቱ የሚመረመረው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲሆን፣ መረጃው የተሟላ በሆነ መጠን ጉዳዩ ይቀላል። በአገር ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ከ2023 ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የተደነገገውን የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። ፈተናው ጥቅም እንዳለው አንክድም፤ ነገር ግን አራት ምርጫ ቀርቦለት አንዱን የሚያከብበው ተማሪ ምጣዱን ሊሠራው መቻሉን አይነግረንም። በዚህ ረገድ የንድፍ ሪፖርቱን ይዞ የሚመጣ ተመራቂ አሠሪ ፊት የሚያሳየው ነገር አለው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ለምትመረቁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከትራንስክሪፕቱ ጋር የሚከተሉትን ሳትይዙ ከዚህ ከተማ አትውጡ፤ የያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ በትምህርት ክፍሉ ማኅተም፣ የንድፍ ሪፖርታችሁን ሙሉ ቅጂ ከነስዕሎቹና ከነስሌቱ፣ እንዲሁም ፕሮግራሙ በናንተ የምረቃ ዓመት ዕውቅና የነበረው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ። ዓመቱ መጠቀሱን አረጋግጡ፤ ዕውቅና ዛሬ መኖሩ ከአምስት ዓመት በፊት መኖሩን አያረጋግጥም። ደብዳቤውን ከተመረቁ በኋላ ከሩቅ ሆኖ ማስጻፍ ምን ያህል እንደሚያንገላታ የቀደሙት ያውቁታል።

ቀደም ሲል የተመረቁ አባሎች የተዉልን የንድፍ ሪፖርቶች በኅብረቱ ክፍል ውስጥ በመደርደሪያው የታችኛው ረድፍ ላይ ይገኛሉ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሊዋሷቸው ይችላሉ፤ ሰማያዊ ክዳን ያለውን ግን እዚያው ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ሌላ ቅጂ የለውምና።